ሜዳ ነው ብላችሁ አትናቁት፦ ከብሪስቶል እስከ ዲቫይዚስ በአሮጌ የባቡር መስመርና በቦይ ዳር ሙሉ ቀን ብስክሌት ለመንዳት

ብዙ ሰው ይህን የእንግሊዝ አገር ጉዞ በካርታ ያየውና ይታለላል። ዳገት የለም። መኪና የለም። "80 ኪሎ ሜትር ምን አላት?" ይላል። ከሰዓት በኋላ ግን ቦይ ዳር ቁጭ ብሎ የደነዘዘ እጁን ሲያሻሽ ታገኙታላችሁ። ወይ ጎማው ተንፍሷል፣ ወይ ኮርቻው አላስቀምጥ ብሎታል፣ ወይ ደግሞ መሽቶበታል።

ሰው እዚህ ጉዞ ላይ የሚሸነፈው በዳገት አይደለም፤ በሜዳው ነው። ባቡር ዳገት ስለማይወድ ሐዲዱ የተነሳለት መንገድ ላይ ከ2 በመቶ በላይ የሆነ ዳገት እምብዛም አይገኝም። ቁልቁለትም የለም ማለት ነው። በተራ መንገድ ላይ ቁልቁለት ሲመጣ እግር ያርፋል፣ ወገብ ይፍታታል፣ ከኮርቻው ብድግ ይባላል። እዚህ ግን ፔዳሉን መምታት ስታቆሙ ብስክሌቱም ይቆማል። ለሰባት ሰዓት ያህል በአንድ አቀማመጥ ሳያርፉ መምታት ነው። ዝግጅታችሁ በሙሉ ከዚህ ይነሳ።

መንገዱ ይህ ነው። ከብሪስቶል እስከ ባዝ 21 ኪሎ ሜትር የቀድሞ የባቡር መስመር አለ። ከባዝ ጀምሮ ጀልባ በሚሄድበት በኬኔትና ኤቨን ቦይ ዳር እስከ ብራድፎርድ ኦን ኤቨን 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ እስከ ዲቫይዚስ 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። ዲቫይዚስ የባቡር ጣቢያ የላትም። ስለዚህ ያንኑ 19 ኪሎ ሜትር ተመልሳችሁ ብራድፎርድ ላይ ባቡር ትይዛላችሁ። የባዝ ከተማ ውስጥ መንገዱ ሲጨመር 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል።

ከባቡር ሰሌዳው ጋር እንዳይምታታባችሁ ሰዓቶቹን በእንግሊዝ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ ወራቱም እንዲሁ።

## ደረጃ 1፦ ቀኑን ምረጡ

1. ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ሂዱ። በሰኔ ከ16 ሰዓት በላይ የቀን ብርሃን አለ። በታኅሣሥ አጋማሽ 8 ሰዓት ብቻ ነው፤ ይህ ጉዞ በዚያ ውስጥ አይገባም።
2. ከተቻለ የሥራ ቀን ይሁን። ቅዳሜና እሑድ ከባዝ እስከ ብራድፎርድ ያለው የቦይ ዳር በእግረኛ፣ በውሻና በሕፃን ጋሪ ይሞላል።
3. ትናንትና ከትናንት ወዲያ ዘንቦ እንደሆነ እዩ። የዛሬው ዝናብ ልብስ ያረጥባል። የትናንቱ ግን ቦይ ዳሩን ጭቃ ያደርገዋል፤ የሚያዘገያችሁም እሱ ነው።

በመስከረምና በጥቅምት የምትሄዱ ከሆነ አንድ ነገር እወቁ። በእንግሊዝ አገር የእርሻ አጥር ቁጥቋጦ ከመጋቢት 1 እስከ ነሐሴ 31 አይቆረጥም፤ ወፎች የሚፈለፍሉበት ወቅት ነውና። ከመስከረም በኋላ መቁረጡ ይጀመራል። የተቆረጠው እሾህም መንገዱ ላይ ይረግፋል። የሚረግፈው እሾህ እንደ መርፌ ቀጥ ያለና ደረቅ ነው፤ ጎማን አይምርም።

## ደረጃ 2፦ ብስክሌቱን አሰናዱ

ውድ ብስክሌት አያስፈልግም። ትክክለኛ ጎማ ግን ያስፈልጋል።

1. ጎማ፦ ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከውስጥ እሾህ መከላከያ ሽፋን ያለው ይሁን። የውድድር ብስክሌት ቀጭን ጎማ ባቡር መስመሩ ላይ ይሠራል፤ ቦይ ዳሩ ጠጠር ላይ ግን አጥንታችሁን ያንቀጠቅጣል።
2. ንፋስ፦ ድርቅ አድርጋችሁ አትንፉ። በ40 ሚሊ ሜትር ጎማ 40 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ከባድ ሰው ትንሽ ይጨምር። ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ቁጥር ግን አትውረዱ።
3. ኮርቻ፦ ከሳምንት በፊት አስተካክላችሁ ሁለት ሰዓት ንዱበት። በጉዞው ጠዋት አዲስ ኮርቻ አትሞክሩ።
4. መሪ፦ እጅ የሚያርፍበት ሁለተኛ ቦታ እንዲኖረው አድርጉ። ቀጥ ያለ መሪ ከሆነ ጫፉ ላይ የሚታሰሩ አጫጭር ቀንዶች ግዙ። የእጅ መደንዘዝን ከምንም በላይ የሚያስታግሰው ይህ ነው።
5. ደወል፦ ጥርት ያለ ድምፅ ያለው ይሁን። ያለ ደወል ቦይ ዳር አትውጡ።
6. መብራት፦ በሐምሌም ቢሆን የፊትና የኋላ መብራት ያዙ። ዋሻ አለ።
7. ፍሬን፦ እየነዳችሁ አጥብቃችሁ ያዙት። ከጮኸ ወይም እጀታው መሪውን ከነካ መጀመሪያ አሠሩት።

የጎን ቦርሳ የምታስሩ ከሆነ ስፋቱን ለኩ። መንገዱ ላይ ሞተር ብስክሌት እንዳይገባ የተሠሩ ጠባብ የብረት መግቢያዎች አሉ። ሰፊ ቦርሳ እዚያ ይቀረቀራል፤ በየመግቢያው ፈትቶ ማሰር ደግሞ ያሰለቻል። አንድ ቦርሳ ከኮርቻው በስተኋላ ማሰር ይሻላል።

## ደረጃ 3፦ የሚያዝ ነገር

- ሁለት የውስጥ ጎማ። አንድ አይበቃም፤ ለምን እንደሆነ ከታች እነግራችኋለሁ።
- መለጠፊያ፣ ሦስት የፕላስቲክ ጎማ መፍቻ፣ የእጅ ፓምፕ። ፓምፑ ከጎማችሁ ንፋስ መሙያ ጋር መግጠሙን ቤት ውስጥ ሞክሩ።
- የአሌን (ባለ ስድስት ጎን) ቁልፍ ስብስብ፣ ጓንት፣ ትንሽ ጨርቅ።
- 2 ሊትር ውሃ በሰው። የቦዩ ውሃ ለመጠጥ አይሆንም፤ ተፈልቶም ቢሆን አትሞክሩት።
- በየ45 ደቂቃው የሚጎረስ ነገር። ሙዝ፣ ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ፣ ቴምር። እስኪርባችሁ አትጠብቁ።
- ስስ ጃኬት፣ ትርፍ ካልሲ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ።
- የስልክ ቻርጀርና ቀድሞ የወረደ ካርታ። ዋሻና ገደላማ ቦታ ላይ ኔትወርክ ይጠፋል።

## ደረጃ 4፦ ሰዓቱን ወደ ኋላ ቁጠሩ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በአስፋልት 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚነዳ ሰው ቦይ ዳርም በዚያው ፍጥነት አስልቶ ይወጣል። አይሆንም። ባቡር መስመሩ ላይ 16 አድርጉት። ቦይ ዳር 10 ወይም 11 ብቻ። ድልድይ አለ፣ እግረኛ አለ፣ ጭቃ አለ፣ መውረድና መግፋት አለ።

እንዲህ አስሉት፦

- ብሪስቶል–ባዝ፦ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ
- ባዝን ማቋረጥ፦ 40 ደቂቃ
- ባዝ–ብራድፎርድ፦ 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ
- ብራድፎርድ–ዲቫይዚስ፦ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ
- መልሱ፦ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ
- እረፍትና ያልታሰበ ነገር፦ 2 ሰዓት

ሲደመር ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ አካባቢ ነው። ጠዋት 8 ሰዓት ከተነሳችሁ 5 ሰዓት አልፎ ብራድፎርድ ጣቢያ ናችሁ። የምትይዙትን ባቡር መጀመሪያ ምረጡ። ከእሱ በኋላ ሌላ ሁለት ባቡር መኖሩን አረጋግጡ። ባቡሮቹ ለብስክሌት ያላቸው ቦታ ጥቂት ነው፤ ሥራ በሚወጣበት ሰዓት ደግሞ ይሞላል። የመጨረሻውን ባቡር ዕቅድ አታድርጉት።

## ደረጃ 5፦ ከብሪስቶል እስከ ባዝ

1. በቀስታ ጀምሩ። መንገዱ እስከ ስቴፕል ሂል ዋሻ ድረስ ለዓይን በማይታይ ዳገት ይወጣል። እግራችሁ ከበዳችሁ ብስክሌቱ ተበላሽቶ አይደለም። አንድ ማርሽ ቀንሱና ቀጥሉ።
2. ዋሻው ግማሽ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ውስጡ መብራት ቢኖርም የራሳችሁን አብሩ። የፀሐይ መነጽር ከመግባታችሁ በፊት አውልቁ። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ሰከንድ ይፈልጋል፤ በዚያች ጊዜ ፍጥነት ቀንሱ። ግራችሁን ያዙ።
3. ከዋሻው በኋላ በጥቅሉ ወደ ባዝ ያዘቀዝቃል። እዚህ ነው ሰው የሚበረው። አትብረሩ። ጠዋት እዚህ ያቃጠላችሁትን ጉልበት ማታ ትፈልጉታላችሁ።
4. ቢተን አካባቢ የእንፋሎት ባቡር የሚሄድበት ሐዲድ ከጎናችሁ ይመጣል። ባቡር ለማየት የቆመ ቤተሰብ፣ በድንገት የሚሮጥ ልጅ አለ። እየደወላችሁ በዝግታ እለፉ።
5. በየ20 ደቂቃው አንድ ደቂቃ ከኮርቻው ተነስታችሁ ፔዳል ላይ ቆማችሁ ንዱ። እጃችሁን አራግፉ። ሳያማችሁ ጀምሩት፤ ካመመ በኋላ አይመለስም።

አስፋልቱ ሦስት ሜትር ያህል ስፋት አለው። ጠዋት ወደ ሥራ የሚሮጥ ብስክሌተኛ ስላለ ጎን ለጎን ሆናችሁ አታውሩ።

## ደረጃ 6፦ ባዝን ማቋረጥ

የባቡር መስመሩ ከተማው ዳር ያልቃል። ከዚያ በወንዙ ዳር ወደ መሃል ትገባላችሁ። ቦዩ ከኤቨን ወንዝ ጋር የሚገናኘው ከባዝ ስፓ ባቡር ጣቢያ በስተጀርባ፣ ወንዙን ተሻግሮ ነው። የቁጥር 4 ብሔራዊ የብስክሌት መስመር ሰማያዊ ምልክት ተከተሉ። ምልክት ከጠፋባችሁ ጣቢያውን ጠይቁ፤ ቦዩን ከምትጠይቁ ያ ይቀላል።

ውሃና ምግብ እዚህ ሙሉ። ሽንት ቤትም እዚሁ።

የቦዩ መጀመሪያ ላይ ተከታታይ የውሃ በሮች አሉ። ጀልባን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ ባለ በር ጉድጓዶች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ወደ 6 ሜትር የሚጠጋ ጥልቀት አለው። በውሃ በሮች ዳር ብስክሌት አትንዱ። ውረዱና ግፉ። በሩ ላይ ያለውን ጠባብ መሸጋገሪያ ብስክሌት ይዛችሁ አትሻገሩ። ግድግዳው አልጌ የያዘ፣ የሚያንሸራትት ነው። የወደቀ ሰው በራሱ አይወጣም።

## ደረጃ 7፦ ቦይ ዳር መንዳትን ልመዱ

ይህ መንገድ የተሠራው ጀልባ ለሚጎትት ፈረስ ነበር። ለብስክሌት አልታሰበም። ስፋቱም፣ ጥምዙም፣ የድልድዩ ከፍታም በፈረስና በመሪው ልክ ነው። ቅድሚያው የእግረኛ ነው። ይህን ካወቃችሁ የሚቀጥለው ሁሉ ይገባችኋል።

1. ድልድይ ሥር፦ መንገዱ ይጠባል፣ ይታጠፋል፣ ጣሪያው ዝቅ ይላል፤ ከወዲያ የሚመጣው ደግሞ አይታይም። አሥር ሜትር ሲቀራችሁ ፍሬን ያዙ፣ ሁለቴ ደውሉ፣ ጆሮ ስጡ። መልስ ደወል ከሰማችሁ ቁሙ። ራሳችሁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ወደ ግድግዳው ተጠግታችሁ እለፉ። ግድግዳውን ጠልቶ ወደ ውሃው የሚያዘነብል ሰው ነው የሚወድቀው።
2. ዓሣ አጥማጅ፦ አንዳንዱ ዘንግ ከአሥር ሜትር በላይ ይረዝማል። አጥማጁ ወደ ኋላ ሲጎትተው መንገዱን ይዘጋል። ቁሙ፣ ሰላም በሉ፣ እስኪያነሳው ጠብቁ። በላዩ አትዝለሉ።
3. የታሰሩ ጀልባዎች፦ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ የብረት ካስማና ገመድ አለ። ሣር ይሸፍነዋል። ጀልባ ባለበት ቦታ ሁሉ ከውሃው ራቅ ብላችሁ ንዱ። ሰው ቤቱ ነው፤ ከበሩ በድንገት ይወጣል።
4. እግረኛን ከኋላ ስትደርሱ፦ ከሩቅ አንዴ ደውሉ፣ ፍጥነት ቀንሱ፣ "ይቅርታ" በሉ፣ ስታልፉ አመስግኑ። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ያደረገ ካለ በእርምጃ ፍጥነት ተከተሉት።
5. ውሻ፦ ረጅም ገመዱ መንገዱን ያቋርጣል። ባለቤቱ እስኪያጥረው አትለፉ።

ዳንዳስና ኤቨንክሊፍ ላይ ቦዩ ራሱ በድልድይ ተሸክሞ ወንዙን ይሻገራል። ሁለቱም ላይ ውረዱና ግፉ። ኤቨንክሊፍ ላይ መንገዱ ከቦዩ አንዱ ዳር ወደ ሌላው ይቀየራል፤ ከድልድዩ ሥር ዞራችሁ ነው የምትወጡት። ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል። መንገዱ ሣር ሆኖ ካለቀባችሁ አልፋችሁታል፤ ወደ ድልድዩ ተመለሱ።

## ደረጃ 8፦ ብራድፎርድ ላይ ወስኑ

ይህን ደረጃ ከሁሉ በላይ አክብሩት። ብራድፎርድ ላይ ጣቢያ አለ። ወደ ዲቫይዚስ ካለፋችሁ ግን 38 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ ይጠብቃችኋል፤ ቦዩ ዳር ሌላ ጣቢያ የለም። ቁጭ በሉና እነዚህን ራሳችሁን ጠይቁ፦

- ሰዓቱ ከ1:00 በፊት ነው?
- ቢያንስ አንድ ያልተነካ የውስጥ ጎማ አለኝ?
- እጄና መቀመጫዬ አሁን ያሉበትን ሁኔታ አራት ሰዓት እችለዋለሁ?
- አብሮኝ ያለው በጣም ደካማው ሰው ይችለዋል?

አንዱ "አይ" ከሆነ ባቡር ያዙ። እስካሁን የነዳችሁት ከ40 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ሙሉ ቀን ነው። ቡድን ከሆናችሁ "ደህና ነኝ" የሚለውን መልስ አትመኑ። ሰውየው የመጨረሻውን ሙዝ በልቶ እንደሆነ እዩ። ዝም ካለ፣ ከጎን መንዳት ትቶ ወደ ኋላ መቅረት ከጀመረ ደክሟል።

## ደረጃ 9፦ ዲቫይዚስና መልሱ

ከብራድፎርድ በኋላ ሰው ይቀንሳል፤ መንገዱም በየቦታው ይሻክራል። ሴሚንግተንን አልፋችሁ ዲቫይዚስ ስትቀርቡ ኬን ሂል ይመጣል። ከ3 ኪሎ ሜትር በጥቂቱ በሚበልጥ ርቀት ውስጥ 29 የውሃ በሮች 72 ሜትር ይወጣሉ። ከእነሱ 16ቱ ቀጥ ባለ መስመር እንደ ደረጃ ተደርድረዋል። የቀኑ ትልቁ ዳገት ይህ ነው።

1. ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ቆማችሁ ብሉ።
2. ቀላሉን ማርሽ ያዙ። ካልሆነ ግፉ፤ ያን ያህል ሩቅ አይደለም።
3. ስትመለሱ ቁልቁለት ነው፤ ሰውም ይበዛበታል። ሁለቱንም ፍሬን በጣታችሁ እንደነካችሁ ውረዱ።
4. ስትመለሱ ፎቶ ለማንሳት አትቁሙ። ስትሄዱ አንሱ።

መልሱ ላይ ያው መንገድ ይረዝማል። በርቀት አትቁጠሩ። ከአንድ ድልድይ እስከ አምስተኛው እያላችሁ ንዱ፣ ቁሙ፣ ውሃ ጠጡ።

## ጎማ ሲተነፍስ

አንድ ጊዜ ጎማዬ ተንፍሶ ቶሎ ብዬ የውስጡን ቀየርኩ። አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ እንደገና ተነፈሰ። እሾሁ ጎማው ውስጥ ተሰብሮ ቀርቶ ነበር። ሁለተኛ የውስጥ ጎማ አልያዝኩም፤ መለጠፊያው ቱቦ ደግሞ ደርቋል። ስድስት ኪሎ ሜትር በእግሬ ገፋሁ። ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ሥሩ፦

1. ከመንገዱ ውጡ። የኋላው ጎማ ከሆነ ሰንሰለቱን ትንሹ ጥርስ ላይ አውርዱ፤ ማውጣት ይቀላል።
2. የቀረውን ንፋስ አስወጡ። ከንፋስ መሙያው ተቃራኒ ጀምራችሁ በመፍቻው የውጩን ጎማ አንድ ጎን አውጡ።
3. የውስጡን ጎማ አውጡ። ንፋስ መሙያው በየት በኩል እንደነበር ያዙ። ትንሽ ንፉትና ከንፈራችሁ አጠገብ አዙሩት። ቀዳዳው ቀዝቃዛ ትንፋሽ ይተነፍስባችኋል።
4. ያንን ቦታ ከውጩ ጎማ ጋር አስተያዩ። እሾሁ እዚያ ነው። የውስጡን ገጽ በጨርቅ ዙሩበት፤ ጨርቁ የሚያዝበት ቦታ ላይ ቁሙ። በባዶ ጣት በፍጥነት አትዙሩ፣ ይወጋችኋል። ጫፉ ከተሰበረ ከውጭ በኩል በአሌን ቁልፍ ጫፍ ግፉት። ሳታገኙት አዲስ ጎማ አታስገቡ።
5. አዲሱን ቅርጹን እስኪይዝ ብቻ ንፉና አስገቡ። የውጩን ጎማ በእጃችሁ መልሱ፤ ንፋስ መሙያው ጋ ጨርሱ። በመፍቻ ከመለሳችሁት አዲሱን ልትቆርጡት ትችላላችሁ።
6. በግማሽ ንፉ። ዙሪያውን በሁለቱም ጎን እዩ፤ የውስጡ ጎማ ተቆንጥጦ ከሆነ አስተንፍሱና አስተካክሉ። ከዚያ ሙሉ።
7. ፍሬኑን መልሳችሁ አያይዙ። ጎማ ለማውጣት የፈቱትን ፍሬን ረስተው የሚነዱ አሉ። ከመነሳታችሁ በፊት ጨብጣችሁ ሞክሩ።

## ውሃ ውስጥ ብትወድቁ

ውሃው በበጋም ይቀዘቅዛል፤ ድንገተኛው ቅዝቃዜ ትንፋሽ ይነጥቃል። ለመዋኘት አትቸኩሉ። በጀርባችሁ ተንሳፈፉ፣ ትንፋሻችሁ ሲመለስ ለመቆም ሞክሩ። ከውሃ በሮች ርቆ ብዙ ቦታ ላይ እግር መሬት ይነካል። ብስክሌቱን ተዉት፤ በኋላ ይወጣል። ዳር ያለው ሰው አይዝለል፤ ተኝቶ ጃኬት ወይም ዱላ ያቀብል።

ከወጣችሁ በኋላ ደረቅ ልብስ ልበሱ፣ ፊታችሁንና ማንኛውንም ቁስል በንጹሕ ውሃ እጠቡ። የቦይ ውሃ የአይጥ ሽንት ሊኖርበት ይችላል፤ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ ያመጣል። በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የጡንቻ ሕመም ከመጣ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ "ቦይ ውስጥ ወድቄ ነበር" በሉ። ይህን ካልነገራችሁት ሐኪሙ ጉንፋን ሊለው ይችላል።

ለድንገተኛ እርዳታ 999 ወይም 112 ደውሉ። "ቦይ ዳር ነኝ" ማለት አይበቃም። እያንዳንዱ ድልድይ ቁጥር አለው፤ ድልድዩ ላይ ተጽፏል። በመንገድ ላይ ያለፋችሁትን የመጨረሻ ድልድይ ቁጥር እያስታወሳችሁ ንዱ። እሱን ስትነግሯቸው ያገኟችኋል።

## ቤት ስትገቡ

ሰንሰለቱን ጥረጉና ቅባት አድርጉ፤ የቦይ ዳር አቧራ ከጭቃ ጋር ሲሆን እንደ አሸዋ ወረቀት ይበላዋል። ጎማዎቹን በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙራችሁ የተሰካ እሾህ ንቀሉ። ዛሬ ያልተነፈሰ ጎማ በማግስቱ ጠዋት ተንፍሶ የሚገኘው ያቺ ትንሽ እሾህ ሌሊቱን ስትሠራ አድራ ነው።